ካሜራው ወዴት ይዙር?

ዛሬ ዛሬ በብዙ ቤት የደኅንነት ካሜራ የሚመርጠውም የሚያስገጥመውም ወጣቱ ነው። አባት ገንዘቡን ይሰጣል፤ እናት ቦታውን በጣቷ ታመለክታለች፤ ባለሙያው ገመዱን ዘርግቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አፑ የሚጫነው ግን በእናንተ ስልክ ላይ ነው። የይለፍ ቃሉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ እዚህ የማነሣው ጥያቄ የወላጆቻችሁ ብቻ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚታይ፣ ማን ሳያውቅ እንደሚታይ በተግባር የሚወስነው መሰላሉ ላይ ቆሞ ካሜራውን የሚያዞረው ሰው ነው።

አስቀድመን አንድ ክርክር እንዝጋ። «የአማኝ ጠባቂው እግዚአብሔር ነው፤ ካሜራ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ዛቻው በበረታ ጊዜ ጸለየም፣ ቀንና ሌሊት ዘብም አቆመ (ነህምያ ምዕራፍ 4)። መዝሙር 127ም ቢሆን እግዚአብሔር ካልጠበቀ የጠባቂው ትጋት ከንቱ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ጠባቂው ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛ አይልም። አጥራችን ላይ የጠርሙስ ስባሪ ሰክተን፣ ውሻ አስረን፣ በር ላይ ዘበኛ ቀጥረን የኖርን ሰዎች ካሜራ ላይ ስንደርስ ብቻ ስለ እምነታችን ብንጨነቅ ትንሽ ያስቃል። መጠበቅ ተገቢ ነው። የሚያከራክረው ራሳችንን ስንጠብቅ ማንን እንደምንጎዳ ነው።

ከውጭ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። በገበያ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ካሜራዎቹ በገመድ ከአንድ መቅጃ ሣጥን ጋር ይገናኛሉ፤ ባለሙያዎች ዲቪአር ወይም ኤንቪአር የሚሉት ነው፤ ምስሉም እዚያው ቤት ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው በዋይፋይ የሚሠራ፣ በውስጡ በተሰካ ሚሞሪ ካርድ ወይም በአምራቹ ድርጅት ሰርቨር ላይ የሚቀዳ ትንሽ ካሜራ ነው። ይህኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በካርድ ብቻ የሚቀዳ ከሆነ ሌባው ነቅሎት ሲሄድ ማስረጃውንም ይዞ ይሄዳል። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት እየቀዳ ቢውልና ቢያድር በቀን 21.6 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል፤ አራት ካሜራ 86 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ 1 ቴራባይት ዲስክ የሚይዘው የ11 ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን ይቀዳል። እኔ በበኩሌ ይህን መርሳቱን እወድለታለሁ። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑም ራውተሩም አብረው እንዳይጠፉ አነስ ያለ ዩፒኤስ መጨመር ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ የማያይ ካሜራ የሚጠቅመው ሌባውን ነው።

ሌንስ ላይ ግን ቆም በሉ። ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ሆኖም በባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ የማታውቁትን ሰው ፊት በደንብ ለመለየት ሰውየው በ3 ሜትር ገደማ ውስጥ መሆን አለበት። 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ነው፤ ግን በ7 ሜትር ላይ ያለውን ሰው ይለያል። የጣሪያው ጥግ ላይ ከፍ ተደርጎ መንደሩን ሁሉ የሚያሳይ ካሜራ ባለቤቱን ደስ ያሰኘዋል፤ ሌባ በመጣ ቀን የሚያሳየው ግን የኮፍያ ጫፍ ነው። ወደ በሩ ብቻ ዝቅ ብሎ የሚያይ ካሜራ ይሻላል።

ብዙ ሰው ግን ሰፊውን ይመርጣል፤ ሁሉን ማየት ደስ ይላልና። ፎቅ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ጎረቤት ያሉት እናት ፀጉራቸውን ሲታጠቡ፣ ልጃቸው የውስጥ ልብሷን ስታሰጣ ያያል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ ከበራችን በላይ የተገጠመው ካሜራ የሚያየው የፊት ለፊቱን ጎረቤት በር ነው፤ ማን በስንት ሰዓት እንደገባ፣ እነማን ዘንድ እንግዳ እንደበዛ፣ ከነማን ቤት ማን እያለቀሰ እንደወጣ።

ዘዳግም 24 ላይ ከመድረክ እምብዛም የማይነሣ አንድ ሕግ አለ። ለሰው ያበደረ ሰው መያዣውን ለመቀበል ወደ ተበዳሪው ቤት ዘው ብሎ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ ባለ ቤቱ ራሱ ያወጣለታል። ልብ በሉ፤ አበዳሪው መብት አለው። ገንዘቡ የእርሱ ነው። ሆኖም መብቱ የድሀው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከሦስት ሺህ ዘመን በፊት ለዕዳ ያልተፈቀደ ነገር ለጥርጣሬ ሊፈቀድ አይገባም።

በአውሮፓ ይኸው ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በቼክ ሪፐብሊክ አንድ አባወራ የቤቱ መስኮት ሲሰበርበት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ካሜራ ሰቀለ። ካሜራው የራሱን መግቢያ፣ የሕዝቡን መንገድና የፊት ለፊቱን ቤት በር ያይ ነበር። ተጠርጣሪዎቹን ለመለየትም ረዳው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ሲወስን፣ ሰውየው ቤተሰቡንና ንብረቱን የመጠበቅ ተገቢ ጥቅም እንዳለው ሊታይ እንደሚችል ሳይክድ፣ የሕዝብን መንገድ የሚቀዳ ካሜራ «የራሴ የቤት ጉዳይ ነው» ሊባል አይችልም፤ የመረጃ ጥበቃ ሕጉ ይመለከተዋል አለ። በእኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እኛ ግን ከሕጉ በፊት ጉርብትና አለን። ካሜራው ከተሰቀለ በኋላ ጎረቤቱን ጠርቶ «የሚታየው ይህ ነው» ብሎ ስልኩን ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የእነሱ ግቢ ከታየ ደግሞ አብዛኞቹ መቅጃዎች ያንን የምስሉን ክፍል በጥቁር የመሸፈን አማራጭ አላቸው።

ወደ ቤት ውስጥ ከመግባታችን በፊት ስለ ቁልፉ ጥቂት ልበል። ፋብሪካው የሰጠውን የይለፍ ቃል ሳትቀይሩ አታድሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ባለቤቶቻቸው የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ያልቀየሩላቸውን እጅግ ብዙ ካሜራዎችና መቅጃዎች በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አቋርጧል። ምስሉ ወደ አምራቹ ሰርቨር የሚሄድ ከሆነም የሚያየው ቤተሰቡ ብቻ ነው ብላችሁ አትመኑ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ሪንግ በተባለው የካሜራ ድርጅት ላይ ባቀረበው ክስ፣ አንድ ሠራተኛው በ2017 ለወራት ያህል የሴት ደንበኞችን ከመኝታ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የተቀዱ ምስሎች ይመለከት እንደነበር ገልጿል፤ ድርጅቱም 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከቤት የማይወጣ ምስል የተሻለ ነው። ጨርሶ ያልተቀዳ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። ከባዱ እዚህ ነው።

እናታችሁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንዱን ወጥ ቤት አድርጉት፤ ለሷ ግን እንዳትነግሯት» ብትላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

እናቶቻችንን ክፉ ለማስመሰል አይደለም። ደላላ ያመጣትን፣ ዘመዷን የማያውቋትን ልጅ ቤት አስገብተው፣ ቁልፍና ሕፃን ሰጥተው ሥራ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የጠፋ ወርቅ ወሬ ሰምተዋል፤ የተመታ ሕፃን ወሬ ሰምተዋል። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው።

ነገር ግን «እሷ» የተባለችውንም እንያት። ብዙ ጊዜ የእናንተ እኩያ ናት፤ አንዳንዴም ታናሻችሁ። ከገጠር መጥታለች። ለእናንተ ወጥ ቤቱ የቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ለእሷ ግን የሥራ ቦታዋ፣ ማረፊያዋ፣ አንዳንዴም መኝታዋ ነው። ከእናቷ ጋር በስልክ የምታወራው እዚያ ነው፤ የምታለቅሰው እዚያ ነው፤ ቀሚሷን የምታስተካክለው እዚያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን ከሚሸፍናቸው ውጭ አድርጓቸዋል፤ ስለዚህ የእረፍት ሰዓቷንም ክብሯንም በተግባር በአብዛኛው የሚወስነው የቤቱ ሰው ሕሊና ነው። ሌላ መሸሸጊያ የላትም። ኢዮብ በመከራው ቀን ያለ ፋታ መታየቱ እንዴት እንደከበደው፣ ምራቁን የሚውጥበት ያህል እንኳ ጊዜ እንዳጣ አማርሯል (ኢዮብ 7)። ያ ሰው ያማረረው በእግዚአብሔር መታየትን ነው። በእኛ መታየትማ ምን ያህል ይከብድ ይሆን?

ከዚህ ላይ ዘፍጥረት 16ን እንድታነቡ እለምናችኋለሁ፤ ከታወቀው ከእስማኤል ታሪክ ይልቅ አጋርን እያያችሁ አንብቡት። አጋር የቤት ሠራተኛ ናት፤ ባዕድ ናት፤ ግብፃዊት ናት። በዚያ ምዕራፍ አብራምና ሦራ ስለ እርሷ ይነጋገራሉ እንጂ አንድም ጊዜ በስሟ አይጠሯትም፤ «ባሪያዬ»፣ «ባሪያሽ» ነው የሚሏት። እመቤቷ ስታስጨንቃት ጠፍታ ወደ በረሃ ሄደች። በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት መልአክ በስሟ ጠራት፤ ከወዴት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድም ጠየቃት። መልአኩ ወደ እመቤትሽ ተመለሺ ማለቱን አልሸሽገውም፤ ለእኔ የዚህ ምዕራፍ አስቸጋሪው ቦታ እሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ የሆነውን ተመልከቱ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «የሚያየኝ አምላክ» ብላ ለእግዚአብሔር ስም ያወጣችለት ይህች የቤት ሠራተኛ ናት። ነቢይ አይደለችም፤ የአብራም ዘመድ አይደለችም። እግዚአብሔር ያየው መከራዋን ነው። ሰረቀች ወይስ አልሰረቀችም ብሎ አልነበረም የሚያያት።

እንግዲህ በቤታችን ያለችውን ልጅ እኛ የምናያት እንዴት ነው? ስንቶቻችን የአባቷን ስም እናውቃለን? ከወዴት እንደመጣች ጠይቀን ይሆናል፤ ወዴት መሄድ እንደምትፈልግስ? ሳይጠይቁ መቅዳት ቀላል ነው። እግዚአብሔር ግን በአጋር ጉዳይ የጀመረው በጥያቄ ነው።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። ከዘመዶቻችን መካከል በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች አሉን። በሳሎንና በወጥ ቤት ካሜራ ሥር ውለው፣ ስልካቸውን ተነጥቀው፣ የእረፍት ቀን ተከልክለው ስለሚኖሩት ስንሰማ በጸሎት ፕሮግራማችን ላይ ስማቸውን እያነሣን እናለቅሳለን። ማልቀሳችን ተገቢ ነው። ከጸሎቱ በኋላ ቤታችን ስንገባ ራት የምታቀርብልን ልጅ ግን የሌላ ሰው እህት ናት፤ እሷም በሆነ ቤተ ክርስቲያን ወይም በሆነ መንደር ስሟ እየተነሣ ይጸለይላት ይሆናል።

«ሕፃኑስ?» ትሉኛላችሁ። ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ራሱን መከላከል የማይችል፣ የደረሰበትን መናገር የማይችል ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ከሁሉ ይልቅ ደካማው እርሱ ነው፤ የደካማው ጥበቃ ይቀድማል። ስለዚህ ልጁ በሚውልበት ሳሎን ውስጥ፣ በግልጽ የሚታይ፣ ሞግዚቷ የምታውቀው ካሜራ መኖሩን አልቃወምም። «ካወቀችማ በካሜራው ፊት ብቻ ነው የምትጠነቀቀው» የሚል መልስ ይመጣል። ይጠንቀቋ! የፈለግነው ልጁ እንዳይመታ ከሆነ አለመመታቱ በቂ ነው። ሲመታ ለመያዝ ብለን ደብቀን ከጠበቅን ግን፣ ልጁን ለወጥመዱ ምግብ አደረግነው ማለት ነው። የተደበቀ ካሜራ ከጉዳቱ በኋላ ይናገራል፤ የታወቀ ካሜራ ከጉዳቱ በፊት ይከለክላል።

የታወቀ ካሜራ ለሠራተኛዋም ምስክር ሊሆን ይችላል። በየቤቱ ዕቃ ሲጠፋ የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ቀለበቱ ከሶፋው ሥር እስኪገኝ ድረስ ሻንጣዋ ተበርብሯል፤ ክብሯ ወድቋል። እንዲህ ባለ ቀን ቅጂው ነጻ ሊያወጣት ይችላል። እርግጥ ምስልም ይዋሻል። ዮሴፍም የቤት ሠራተኛ ነበር፤ በጲጥፋራ ቤት በእመቤቱ እጅ የቀረው ልብሱ እንደዛሬው ስክሪንሾት ያለ ማስረጃ ሆኖ ወደ እስር ቤት ላከው። ልብሱ በእርግጥ የእርሱ ነበር፤ ታሪኩ ግን ውሸት ነበር። ስለዚህ ከቅጂው ላይ አንዲት ምስል ቆርጣችሁ በቴሌግራም «ይህችን ሌባ ተጠንቀቁ» ብላችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት የኖኅን ልጆች አስታውሱ (ዘፍጥረት 9)። ካም የአባቱን ዕርቃን አየና ወጥቶ ተናገረ። ሴምና ያፌት የኋሊት ሄደው ሸፈኑ። ካም የተናገረው ነገር ሐሰት አልነበረም።

በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ምሳሌ አለ፦ እግዚአብሔር በሰማይ የተሰቀለ ካሜራ ነው፤ አንድ ቀን ቅጂው ይከፈታል። ለማስፈራራት ጥሩ ነው። እኔ ግን ይህን ምሳሌ ብንተወው እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ጥናት ነበር። ሰዎች ሻይና ቡና እየቀዱ ማንም በማይቆጣጠረው ሣጥን ገንዘብ በሚጥሉበት ክፍል ውስጥ ተመራማሪዎቹ አንድ ሳምንት የአበባ፣ አንድ ሳምንት የሰው ዓይን ሥዕል ለጠፉ። የዓይን ሥዕል በተለጠፈባቸው ሳምንታት ሰዎቹ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል ያልቀረው ገንዘብ ከፈሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ይህን ውጤት አላገኙም፤ ግን የሚያስደነግጥ ነገር አለበት። ወረቀት ላይ የታተመ ዓይን ሰውን ሐቀኛ ካደረገው፣ ወረቀቱ ሲነሣ የሚቀረው ምንድን ነው? ጳውሎስ በኤፌሶን 6 ለታይታ መሥራትን ሲነቅፍ የነቀፈው ይህንን ነው። በዚያው ክፍል ወደ ጌቶችም ዞር ብሎ በሰማይ ለሁለቱም አንድ ጌታ እንዳለ፣ እርሱም ለሰው ፊት እንደማያዳላ ያስታውሳቸዋል።

ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ስለ አንድ እረኛ ያወራል። እረኛው ሲያዞረው የሚሰውር ቀለበት አገኘ፤ ማንም እንደማያየው ባወቀ ጊዜ ንጉሡን ገድሎ መንግሥቱን ወሰደ። ጥያቄው ማንም ባያየው ጻድቅ የሚሆን ሰው አለ ወይ የሚል ነው። ዮሴፍ በዚያች ቀን ከቤቱ ሰዎች አንድም ሰው ባልነበረበት ቤት ነው እምቢ ያለው። እምቢ ያለውም ቅጂው ይከፈታል ብሎ ፈርቶ አልነበረም። ያመነውን ጌታውን ማሰቡን፣ እግዚአብሔርን መበደል አለመፈለጉን ተናግሯል። እንዲህ ያለ ልብ የሚያድገው እምነት በተጣለበት ቦታ ነው። ጲጥፋራ ቤቱን ሁሉ በእጁ ትቶለት ነበር፤ ታሪኩም ይህን ደግሞ ደጋግሞ ይነግረናል። ሰው ታማኝ መሆኑ የሚታወቀው መካድ በሚችልበት ስፍራ ነው፤ ያን ስፍራ ጨርሶ ከወሰድንባት ልጅ ታማኝነትን ልንጠይቃት አንችልም።

አንድ መፈተኛ ልስጣችሁ። ወጥ ቤት ውስጥ የሚሰቀለው ካሜራ ድምፅም የሚቀዳ ቢሆን፣ እኛ እሷን እንዴት እንደምንጠራት፣ ጨው ሲበዛ ምን እንደምንላት፣ ስትታመም በስንት ሰዓት እንደምንቀሰቅሳትም ይቀዳል። ያን ቅጂ በእሁድ ፕሮግራም ላይ ለሕብረታችን ማሳየት የምንደፍር ስንቶቻችን ነን?

ወደ እናታችሁ እንመለስ። «አትንገሯት» ስትል «እምቢ» ብላችሁ ብቻ አትተዉአት፤ የፈራችው ነገር አለና ለዚያ መልስ ያስፈልጋታል። ወርቁና ገንዘቡ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይግባ፤ ለእናንተም ለእሷም ፈተናን ያቀልላል። የውጭው በር ካሜራ ጠበብ ባለ ሌንስ ይሁን። ልጅ ካለ አንድ ካሜራ ሳሎን፣ በግልጽ ቦታ፣ ድምፅ መቅጃው ተዘግቶ ይቀመጥ፤ ወላጅ ቤት ሲገባ ከሶኬቱ ይነቀል። ወጥ ቤት፣ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይገባም። ቅጂውን መክፈት የሚችሉት አባትና እናት ብቻ ይሁኑ። እናንተ ገጥማችሁ ከጨረሳችሁ፣ የይለፍ ቃሉን እነሱ ራሳቸው እንዲቀይሩት አድርጋችሁ አፑን ከስልካችሁ አጥፉት፤ የእህታችሁን መግቢያ ሰዓትና የሠራተኛዋን ውሎ ኪሳችሁ ይዛችሁ መዞር አያስፈልጋችሁም።

አዲስ ሠራተኛ ስትመጣ ደግሞ ስለ ካሜራው የሚነገራት ደመወዟ ሲነገራት አብሮ ይሁን፤ ካልተስማማት እምቢ የምትልበት ጊዜ ሳያልፍ። የሚያየው ምን እንደሆነ በቃል ብቻ አትንገሯት። ስልኩን ከፍታችሁ ስጧት፤ ይዛው ሳሎኑን ትዙር፤ ወጥ ቤት ትግባ፤ መኝታዋ ድረስ ትሂድና ምስሉ የት ላይ እንደሚያበቃ በራሷ ዓይን ትመልከተው።